ግድግዳው ላይ የተሰቀሉ ሰባት ስሞች

ማርች 12, 1996። ሲያትል።

የጠዋት ቆጠራ፦ የተመዘገቡ ተማሪዎች ሃያ ሦስት። ወንበር አሥራ አራት፤ ሁለቱ እግራቸው ይነቃነቃል። ሰሌዳ አንድ። አስተማሪ ሁለት፤ አንዷ እኔ ነኝ፤ አማርኛ እችላለሁ እንጂ ማስተማር አልችልም።

ለአጎቴ ለጋሼ አክሊሉ የምጽፈውን ፖስታ ቤት ከመውሰዴ በፊት እዚህ ደብተር ላይ እገለብጣለሁ። ከእሳቸው የሚመጣውን ደግሞ ከጎኑ አጣብቃለሁ። ሱቅ የያዘ ሰው የሰጠውንና የተቀበለውን ካልመዘገበ ኋላ ከራሱ ጋር ይጣላል።

ይድረስ ለጋሼ አክሊሉ፣ ጎሬ።

ጤናዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎስ? እኛ ደህና ነን። መልሱን ስላዘገየሁ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ከአዲስ አበባ የመጣ በርበሬ ጉምሩክ ይዞብኝ ሁለት ሳምንት ስመላለስ ነበር።

የጠየቁኝን ልመልስ። ሚስስ ቲልማን ሱቄ ያለበት ሕንፃ ባለቤት ናቸው። ሰማንያ አንድ ዓመታቸው ነው፤ ጥቁር አሜሪካዊት ናቸው። የእኛን ዘር ለማወቅ የፈለጉት እሳቸው አይደሉም፤ እኔ ነኝ። ነገሩ እንዲህ ነው። እዚህ ያሉ ልጆቻችን በአማርኛ ሲጠየቁ በእንግሊዝኛ ይመልሳሉ። ስለዚህ አንድ የቅዳሜ ትምህርት ቤት እንክፈት ተባባልን። የሚስስ ቲልማን ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤቱን በነፃ ልስጣችሁ ብሏል። አያቶቻቸው ጆርጂያ በሚባለው የደቡብ ግዛት ውስጥ ከባርነት ነፃ ሲወጡ መጀመሪያ የሠሩት ትምህርት ቤት ነው፤ ቤተ ክርስቲያን እንኳ የሠሩት ከዚያ በኋላ ነው። ስለዚህ ማስተማሪያ ቦታ ለለመናቸው ሰው እምቢ አይሉም። ቅድመ ሁኔታቸው አንድ ነው፤ በኦገስት መጨረሻ ሲቆጠር ሃያ ተማሪ ካልተገኘ ምድር ቤቱን ለሕፃናት መዋያ ያከራዩታል።

በእነሱ ግድግዳ ላይ የዚያ ትምህርት ቤት ፎቶግራፍ ተሰቅሏል። በእኛ በኩል ምን እንስቀል ሲባል እያንዳንዱ ቤት ሰባት ትውልዱን ጽፎ ይስቀል ያልኩት እኔ ነኝ። ሁሉም ወደደው። ከሁሉ በላይ የወደደችው ዘሪቱ ናት፤ እዚሁ ሲያትል አጠገብ ዴ ሞይን የምትኖር፣ አየር ማረፊያ የምትሠራ ሴት ናት። ወላጆቹን ያሰባሰበችው እሷ ስለሆነች እሷ ያለችውን አሥር ቤት ይከተላል። አባቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ከአያቴ ስም አልፎ ሲቆጥር ሰምቼ አላውቅም። ሐሳቡን ያመጣሁት እኔ ሆኜ የኔ ወረቀት ባዶ ሊሆን ነው። የአባቶቻችንን ስም ይላኩልኝ፤ ይህ ሦስተኛ ልመናዬ ነው።

ልጅዎ ማንአልሞሽ

መጋቢት 28 ቀን 1988 ዓ.ም.፣ ጎሬ።

ለልጄ ለማንአልሞሽ መልከጸዴቅ።

ሰላምታዬ ከነቤተሰብሽ ይድረስሽ። እኔ ደህና ነኝ። የላክሽው የጉልበት ቅባት ደርሶኛል፤ ሽታው የጎረቤት ዶሮዎችን ከግቢዬ አስወጣልኝ እንጂ ጉልበቴን አልነካውም። ቢሆንም ተመስገን።

ሦስት ጊዜ ተጠይቆ ዝም ማለት ነውር ነው፤ ይቅር በዪኝ። የፈለግሽው ይኸውና፦ መልከጸዴቅ፣ ወልደሰማያት፣ እንግዳወርቅ፣ ሰብስቤ፣ ዘወልድ፣ ክፍለማርያም፣ ዓምዱ። ሰባት ሞልቷል። ግድግዳ ላይ መስቀሉን ግን ብትተዪው ደስ ይለኛል። ስም በአፍ ሲነገር ነው የሚያምርበት።

ያ የአሮጊቷ አያቶች ሠሩት ያልሽው ትምህርት ቤት ሐሳብ ሆኖብኛል። የምጠይቅሽን በሌላ ወረቀት ጽፌ አያይዣለሁ። አንዱንም ሳትዘዪ መልሺልኝ።

አክሊሉ

ኤፕሪል 26። ደረሰ። የጥያቄውን ወረቀት ለሚስስ ቲልማን ስለሰጠሁ እዚህ አላጣበቅሁትም። ጥያቄዎቹ አሥራ አንድ ናቸው። የገዛ ዘሩን በአንድ መስመር የጨረሰ ሰው ስለ ጆርጂያ ወንበር አሥራ አንድ ጥያቄ ይጠይቃል። አልገባኝም።

ሜይ 6, 1996።

ይድረስ ለጋሼ አክሊሉ።

እንደምን ሰነበቱ? ስለ ስሞቹ እግዜር ይስጥልኝ። ጥያቄዎችዎን ለሚስስ ቲልማን ተርጉሜ አንብቤላቸዋለሁ፤ ምላሻቸው በተራ ይኸው።

እንጨቱን የቆረጡት ራሳቸው ናቸው። እያንዳንዱ ቤት አንድ ሳንቃ አዋጣ፤ ሳንቃ ያጣ ሚስማር፣ ሚስማር ያጣ ጉልበቱን። አስተማሪዋ በየቤቱ በወር በወር እየዞረች ነበር የምትበላው። አልተቃጠለም ወይ ላሉት፣ አንድ ጊዜ ተቃጥሏል፤ በዚያው ወር መልሰው ሠርተውታል። አዎ፣ ኮሚቴ ነበራቸው። አምስት ሰዎች ናቸው፤ ከአምስቱ መጻፍ የሚችል አንድ ብቻ ነበር። የእኛም ኮሚቴ አምስት ነው። አምስታችንም እንጽፋለን፤ ስብሰባ የምንመጣው ግን ሁለት ነን።

ሲመዘገቡ የአባት ስም ተጠይቀው ነበር ወይ የሚለውን ሳነብላቸው መነጽራቸውን አወለቁ።

«ይሄን የጠየቀው ማን ነው?» አሉኝ።

«አጎቴ ናቸው። አስተማሪ ነበሩ።»

«እሱን አይደለም የጠየቅሁሽ፤ ይሄን ለመጠየቅ ምን ያየ ሰው ነው ማለቴ ነው» አሉ። ከዚያ ነገሩኝ። ቲልማን አያቶቻቸውን በባርነት የገዛው ጌታ ስም ነው። አያታቸው ነፃ ሲወጡ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ነበሩ። መዝጋቢው የፈለጋችሁትን ስም ያዙ ሲል የጌታቸውን ስም አስጻፉ። እናታቸው ወደ ሌላ አገር ተሸጣ ስለነበር ልትፈልጋቸው ብትመጣ በሌላ ስም እንዳታጣቸው ብለው ነው።

«አገኘቻቸው?» አልኳቸው።

«አላገኘቻቸውም። ስሙ ግን እኛው ጋ ቀረ፤ እኔም ሳገባ አልተውሁትም።»

አሁን ደግሞ የምሥራች ልንገርዎ። ወረቀቱን እንዳልሰቅል ብለውኝ ነበር፤ ግን ወላጆቹ እንዴት እንደሚጻፍ ናሙና አሳዪን ሲሉኝ የርስዎን በትልቁ ጽፌ ሰቀልሁት። ይቅርታ። ቅዳሜ ዕለት ዘሪቱ ወንበር ተሸክማ ገባችና ወንበሩን እንደያዘች ቆማ ቀረች።

«ማኔ፣ ይሄን ማነው የጻፈው?»

«እኔ ነኝ። ምነው፣ ስህተት አለው?»

«ወልደሰማያት፣ እንግዳወርቅ፣ ሰብስቤ… ፊታውራሪ ወልደሰማያት እኮ አያቴ ናቸው። የጎሬው።»

«ጋሼ አክሊሉም ጎሬ ነው ያሉት።»

«ሶ፣ የአጎቴ ልጅ ነሽ ማለት ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ በርበሬ በሙሉ ዋጋ ስትሸጪልኝ አታፍሪም?»

«ዘመድ መሆንሽን ባውቅ እጨምርብሽ ነበር።»

መልከጸዴቅ የሚባል አጎት አላውቅም አለች፤ ግን አልገረማትም። አያቴ በየደረሱበት ቤት ነበራቸው፤ ማን ቆጥሯቸው ያውቃል አለች። እሑድ ሁለቱን ልጆቿን፣ ሩሐማንና ፋኑኤልን ይዛ ቤቴ መጣች። ጉልበቴን እንዲስሙ ስታዛቸው «ሃይ አንቲ» ብለው እጃቸውን አወዛወዙልኝ። እሷ ግን አልቅሳ ነው የሄደችው። በዚህ አገር አንድም የአባቷ ወገን አልነበራትም።

እርስዎ ይህን ቤተሰብ አንስተውልኝ አያውቁም። ተጣልታችሁ ነው?

ማንአልሞሽ

ግንቦት 18 ቀን 1988 ዓ.ም.፣ ጎሬ።

ለማንአልሞሽ።

ሰላም ለአንቺ ይሁን። አልተጣላንም።

ወረቀቱን ከግድግዳው አውርጂ። ከሴትዮዋ ጋር የዝምድና ነገር አታንሺ፤ እሷም ብታነሳ ወሬ ቀይሪ። በስልክ ልቅጠርዎ እንዳትዪ፤ ቴሌ ውስጥ አንድ ሰው ሲናገር ወረፋ የያዘው ሁሉ ይሰማል።

የአሮጊቷን መልስ አንብቤዋለሁ። ስለ አያታቸው እናት የጻፍሽውን ሁለት ጊዜ አነበብሁት።

ስለ ችኮላዬ ይቅርታ።

አክሊሉ

ጁን 17, 1996።

ይድረስ ለጋሼ አክሊሉ።

ደብዳቤዎ ዓርብ ደረሰኝ፤ ግን ዘግይቷል። ወረቀቱን ያወረድሁት ራሴ ነኝ፤ እርስዎ ከማዘዝዎ ከአሥር ቀን በፊት መሆኑ ነው። እንዴት እንደሆነ ልንገርዎ።

ዘሪቱ ሱቅ መጣች። ሁልጊዜ ገብታ ጆንያው ላይ ትቀመጣለች፤ ያን ቀን አልተቀመጠችም።

«እማዬን ኮል አድርጌያት ነበር» አለችኝ።

«ምን አለች?»

«በዚያ ቤት መልከጸዴቅ የሚባል የተወለደ የለም አለች።»

«ታዲያ ጋሼ አክሊሉ ተሳስተው ይሆናላ።»

«እዚያ ቤት ያደገ፣ ኋላ መልከጸዴቅ የተባለ ሰው ግን ነበር አለች።»

«ምን ማለት ነው ዘሪቱ?»

«ኦኬ፣ እኔን ምን ትጠይቂኛለሽ? አጎትሽን ጠይቂ።»

ዓይኔን ሳታይ ወጣች። በሚቀጥለው ቅዳሜ ልጆቿ አልመጡም። ከዚያ ሌሎች ስምንት ልጆች ቀሩ። አንዱ መኪና የለንም ይላል፤ ሌላዋ ልጄ እግር ኳስ ጀመረ ትላለች። እኔ ስደርስ ወሬ ይቀይራሉ። ከሃያ ሦስቱ አሁን የሚመጡት አሥራ ሦስት ብቻ ናቸው።

ደንበኛ ሲሸሽ ምክንያቱን አውቃለሁ፤ ወይ ዋጋ ነው ወይ ሚዛን ነው። ይሄኛው ምን እንደሆነ ግን አላወቅሁም። የሰው አያት ሰርቃ ግድግዳ ላይ ለጠፈች ተብዬ እንደሆነም አላውቅም። ያልተወለደ ሰው በአንድ ቤት ውስጥ እንዴት ይኖራል? አባቴ እዚያ ቤት ምን ነበር?

ቆጠራው በኦገስት መጨረሻ ነው። ወሬ መቀየር አልችልም ጋሼ፤ የሚያወራኝ ሰው የለም።

ማንአልሞሽ

ሐምሌ 5 ቀን 1988 ዓ.ም.፣ ጎሬ።

ለማንአልሞሽ።

ዛሬ ሰላምታውን አሳጥራለሁ። ካስረዘምሁት ነገሩ ጋ ሳልደርስ ወረቀቱ ያልቅብኛል።

አባትሽና እኔ የፊታውራሪ ወልደሰማያት ባሪያዎች ነበርን። ይህን ቃል ጽፌው አላውቅም ነበር፤ አሁን ጻፍሁት።

የአንድ እናት ልጆች አይደለንም። እኔን ከየት እንዳመጡኝ አላውቅም። የእሱ እናት ግን የቤቱ ፈጪ ነበሩ። ባሪያ ነፃ ይውጣ የሚለው አዋጅ ጎሬ ሲደርስ አንድ የመንግሥት ሰው መጥቶ ዘጠኝ ልጆች ሰብስቦ ወሰደን። ከአዲስ አበባ ወጣ ብሎ እንደኛ ላሉ ልጆች ትምህርት ቤት ሊከፈት ነው አሉን። ስንደርስ ጣሪያ እንጂ ግድግዳ አልነበረውም። ጭቃውን ረግጠን የመረግነው እኛ ነን። ወንበራችን ለሁለት የተፈለጠ ግንድ ነበር። ስልሳ ያህል ነበርን፤ መምህሩ አንድ ነበሩ። ስለዚህ ፊደል የለየ ላልለየው እንዲያስቆጥር፣ ትልልቆቹ ውሃ እንዲቀዱ፣ ትንንሾቹ እንዲጠርጉ ደለደሉን። ስለ ጆርጂያው ወንበር የጠየቅሁሽ ለዚህ ነው። ሌላ ቦታ እንዲህ ያለ ነገር መኖሩን ሰምቼ አላውቅም ነበር።

የመጀመሪያው ቀን መዝጋቢው በረድፍ አቆመን። አባትሽ ከፊቴ ነበር። የማን ልጅ ነህ ሲሉት «የፊታውራሪ ወልደሰማያት» አለ። መንገድ ላይ ሰው የማን ነህ ሲለን ሁልጊዜ እንዲያ ነበር የምንመልሰው፤ አባት ማለታቸው መሆኑን አላወቀም። መዝጋቢው ጻፉት። እኔም ተከተልሁት፤ የማውቀው ሌላ ስም አልነበረኝም። የአባታችን ስም አንድ ስለሆነ ወንድማማች ናቸው ተብለን አንድ ግንድ ላይ ተቀመጥን። ከዚያ ቀን ወዲህ ወንድሜ ነው። መልከጸዴቅ ብለው የሰየሙት መምህሩ ናቸው፤ ቄስ ነበሩ። ለምን ያን ስም እንደመረጡለት እዚያ ያሉትን ቄስ ጠይቂ።

ትምህርት ቤቱ ጣልያን ሲገባ ተዘጋ። ሦስት ዓመት ነው የተማርነው። አባትሽ በሒሳቡ ነጋዴ ሆነ፤ እኔ በፊደሉ አስተማሪ ሆንሁ።

የላክሁልሽን ስሞች እንዴት እንዳወቅሁ ንገረኝ ትይ ይሆናል። ፊታውራሪው ግብር ሲያበሉ አባቶቻቸውን እየጠሩ ይፎክሩ ነበር። እኔ የእጅ ውሃ ይዤ ቆሜ እሰማ ነበር። የእሳቸውን አያቶች እስከ ሰባት አውቃለሁ፤ የራሴን አንድም አላውቅም።

ለምን ደበቃችሁኝ ብትዪ፣ አባትሽ እናትሽን ሲያጭ የልጅቱ ወገኖች ዘሩ ይቆጠር አሉ። ወንድሙ ተብዬ የቆጠርሁለት እኔ ነኝ። ከዚያ በኋላ እውነቱን መናገር ጋብቻውን ማፍረስ ሆነ። ልጆች ስትወለዱ ደግሞ እናንተን ማፍረስ ሆነ።

ፊታውራሪው የአባትሽ አባት ናቸው ወይ? አላውቅም። አንዳንዱ አፍንጫው የሳቸውን ይመስላል እያለ ይጠረጥር ነበር። የሚያውቁት እናቱ ብቻ ነበሩ፤ እኛ ትምህርት ቤት ሳለን ሞቱ። ስለዚህ ለሴትዮዋ ዘመድሽ ነኝ ብትያት ውሸት ላይሆን ይችላል። አይደለሁም ብትያትም እንደዚያው።

ሰባ ሁለት ዓመቴ ነው። የጎሬ ሰው የሚያውቀውን ያውቃል፤ ዝም ይላል። አንቺ ግን እዚያ ግድግዳ ላይ ሰቅለሽዋል። ይህን ያመጣብሽ የኔ ወረቀት ነው፤ ጥፋቱ የኔ ነው። ከዚህ ጋር ባለው ትንሽ ወረቀት አንድ ነገር ጠይቄሻለሁ። መልሱን ቶሎ ላኪልኝ።

አክሊሉ

ኦገስት 20, 1996።

ይድረስ ለጋሼ አክሊሉ።

ለትንሹ ወረቀት አስቀድሜ ልመልስ። ጋሼ ማለቱን ትተዪ ይሆን ወይ ላሉኝ፣ አልተውም። ጋሼ ብዬ የጀመርሁት ገና መናገር ስጀምር ነው፤ አሁን ሌላ ምን ብዬ ልጠራዎ ነው? የደም ነገር ከሆነ፣ ትምህርት ቤት የከፈሉልኝና ሳገባ ቆመው የመረቁኝ እርስዎ ነዎት።

ሦስት ሳምንት ሙሉ ያልጻፍሁት ምን እንደምጽፍ ጠፍቶኝ ነው። ይቅርታ። ብናደድ በማን ልናደድ? አባቴን ላክብረው ወይስ ልዘንበት? በርበሬ እየመዘንሁ መርፌውን አይቼ ቁጥሩን እረሳለሁ። ቄሱን ጠየቅኋቸው። ያ ስም አባቱም እናቱም ትውልዱም ያልተቆጠረለት ካህን ስም ነው አሉኝ። መምህርዎ ሊያጽናኑት ነው ወይስ እውነቱን አንድ ቦታ ሊያስቀምጡለት ነው? ይሄም አልገባኝም።

መጀመሪያ የነገርኋቸው ለሚስስ ቲልማን ነው። ደብዳቤዎን እየተረጎምሁ አነበብሁላቸው። የተፈለጠው ግንድ ጋ ስደርስ «ቅርፊቱ ወደ ታች ነበር?» አሉኝ። አላውቅም አልኳቸው። ይጻፉልኝና ልንገራቸው።

ከዚያ ወላጆቹን ሰበሰብሁ። የመጡት ጥቂት ናቸው። እንደጻፉልኝ አድርጌ ነገርኳቸው፤ ቃሉንም አልዘለልሁም። አንዷ ቦርሳዋን አንስታ ወጣች። ከዚያ ቱክዊላ የሚኖር ኑሩ የሚባል ሹፌር ጉሮሮውን ጠረገ።

«እኔ'ኮ ሰባት ቁጠር ስትዪኝ አራተኛው ላይ ነው ያለቀብኝ» አለ። «ሦስቱን ከራሴ ነው የሞላሁት። ስድስተኛው አያቴ አብረውኝ የሚሠሩት ሰውዬ ናቸው።»

ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። የሌላውን ቤት ወረቀት እንዲያ ስንመረምር ጥርት ብሎ ሰባት የደረሰ ሦስት ብቻ ተገኘ። በማግስቱ ኑሩ የወንድሙን ጨምሮ አራት አዲስ ልጆች አስመዘገበ።

የመመዝገቢያውን ፎርም ቀይሬዋለሁ፤ የአያት ስም የሚለው መስመር ወጥቷል። ግድግዳውም ላይ የኔን መልሼ ሰቅዬዋለሁ። «ማንአልሞሽ፣ የመልከጸዴቅ ልጅ። ከዚያ ወዲያ ያለውን አናውቅም» ይላል።

ቆጠራው እንዲህ ነው። አሥራ ሦስት ያልሸሹ፣ አራት የኑሩ፣ አሥራ ሰባት። አሥራ ስምንተኛዋ ሚስስ ቲልማን ናቸው። ፎርም ስጪኝ ብለው ሞሉ። እርስዎ እኮ ሰማንያ አንድ ዓመትዎ ነው ስላቸው፣ አያቴ ሲማሩ አጠገባቸው የሰባ ዓመት ሴት ትቀመጥ ነበር አሉኝ። ደንቡም ሃያ ተማሪ ይላል እንጂ ሃያ ልጅ አይልም፤ ያጸደቅሁት እኔ ነኝ አሉ። ሀ፣ ሁ፣ ሂ ጀምረዋል። በሩሐማ ዕድሜ ካሉት ልጆች ይልቅ ያስቸግራሉ፤ ለምን፣ ለምን ይላሉ።

ሁለት ይጎድላል። ኑሩ ሁለት ልጅ ከሰፈሬ ላምጣልሽ ብሎኛል። ቆይ አልሁት። ለምን ቆይ እንዳልሁት ራሴም አልገባኝም፤ ቀኑ አሥራ አንድ ነው የቀረው።

ባለፈው ቅዳሜ ዘሪቱ መኪናዋን ከቤተ ክርስቲያኑ ማዶ ፓርክ አድርጋ አየኋት። ልጆቹ ከኋላ ተቀምጠዋል። ሞተሩ አልጠፋም። እኔ በር ላይ ቆሜ ነበር፤ አይታኛለች። አሥር ደቂቃ ያህል ቆይታ ሄደች። ንቃኝ ይሁን አፍራ፣ ወይም እሷም እንደኔ የምታደርገውን አጥታ ይሁን አላውቅም። እጄን ላንሳላት ብዬ አላነሳሁም። ጥፋተኛ የሆንሁ ይመስለኛል፤ ምን እንዳጠፋሁ ስፈልግ ግን አላገኝም። እሷም ምን እንዳጠፋች ስፈልግ አላገኝም።

ሽማግሌ ልከሽ ታረቂ ያሉኝ አሉ። ሽማግሌ የሚልከው የበደለ ነው፤ ማን ማንን በደለ ብዬ ልላክ? ደግሞ ሽማግሌ ከገባበት መጀመሪያ የሚጠይቀው የማን ልጅ ነሽ ብሎ ነው። ከሷ ጋር ያለኝን እኔው እነግራታለሁ። ዘመድሽ ነኝም አይደለሁምም አልላትም። እርስዎ የማያውቁትን እኔም አላውቅም እላታለሁ።

ለጤናዎ ይጠንቀቁ። ቅባቱን አልልክም፤ ዶሮዎቹ ይመለሱ።

ልጅዎ ማንአልሞሽ

ያው ዕለት፣ ማክሰኞ። ተገልብጧል። ፖስታው ታሽጓል።

ነገ፦ ዴ ሞይን፣ ዘሪቱ ቤት። ከሥራ አሥር ሰዓት ላይ ትገባለች። ሱቁን በዘጠኝ መዝጋት። ሁለት ባዶ ፎርምና እስክሪብቶ መያዝ።